የማላነበው

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት የተጣለ፤
ማራገቢያው ሲዞር ያስለዋል፣ ጉንፋን እንደያዘው፣ ገና እንዳልተሻለ።
ከድንቹ ጆንያ በላይ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፤
ዝናቡ በጣራው ሽንቁር ቢመጣ እንዳያገኘው ላስቲክ አለበስኩት።

የእህቴ ልጅ ኤሊሴዮ ከፖርቶ ሞንት በስልክ እየመራኝ፣
«አክስቴ፣ ነጥቧን አትርሺ፣ ክፍት ቦታዋን አትርሺ» እያለኝ፣
በጥቁሩ መስኮት ላይ በሁለት ጣት ለቀምኩ ፊደሉን።
አንዲት ነጥብ ጎድላ ሌሊቱን ሙሉ እምቢ አለ፤
ሲነጋ አገኘኋትና ከፈተልኝ በሩን።

«በር» ይሉታል እነሱም፤ ቁጥር አለው እንጂ እንጨት የለው፤
እንግዳው አንኳኩቶ የሚያልፍበት እንጂ አረፍ የሚልበት አይደለው።

ሥራው ይኸው ነው፦ አንዱ ለአንዱ ይልካል፤
ተቀባዩ ከሳልሞን ማርቢያው ጀርባ፣ ማዕበል ውስጥ ከሆነ፣
የእኔ ሳጥን ተቀብሎ ያቆያል።
አይፈታም፣ አያነብም፤
ቁልፉ በባለቤቶቹ እጅ ነው፤ በእኔ ኪስ የለም።
ዋና ከተማ የተቀመጠ ጌታ የለውም ይህ መረብ፤
ሰባት ደሴት፣ ሰባት ሳጥን፤
አንዱ መብራት ቢያጣ ሌላው ሸክሙን ይወስዳል፣ ዋጋ ሳያስብ።

«ለምን አንቺ? በሰባ ዓመትሽ? በዚህ ወገብ?» ይሉኛል።
ለእነሱ እስቃለሁ። መልሱን ለወረቀት እነግረዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የደሴቲቱ ስልከኛ ነበርኩ፤
ገመዱን ከዚህ ነቅዬ እዚያ ስሰካ በሰው ጉድ ጠገብኩ።
ማን እንዳረገዘች፣ የማንን ጀልባ ዕዳ እንደዋጠው፣
ሁሉን አውቅ ነበር፤ ሁሉንም ያዝኩ፤ አንዱ ብቻ ነው ያመለጠው።
ታላቁ፣ ዩቬናል፣ የአባቱን ማሳ በድብቅ ሲዋዋል ሰምቼ፣
ለታናሹ ለአቢሊዮ ነገርኩት፣
ድግስ ላይ፣ የፖም ጠጅ ሞቅ አድርጎኝ፣ በሳቅ ፈንድቼ።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ።
ሃምሳ አንድ ዓመት ሆነው፤ ወንድማማቾቹ በአንድ መንገድ አይሄዱም።
ማን እንደነገረው አቢሊዮ አላወጣም።
እኔም አላወጣሁም።

ስለዚህ ነው ጆሮ የሌለው ማሽን የፈለግሁት።

ጆሮ ባይኖረው ግን ዐይን አለው።
መጋቢት ላይ መዝገቡን ስከፍት፣
መልእክቱ ድፍን ቁጥር፤ አድራሻው ግን ግልጽ፦
ከማን ወደ ማን፣ በስንት ሰዓት።
ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ከዩቬናል ወደ አቢሊዮ፤ አንድ።
በማግስቱም አንድ።
መልስ የለም።
ስድብ ይሁን፣ ይቅርታ፣ የላም ዋጋ፣ እንጃ።
ያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጆሮ ያሳክከኝ ጀመር።

ለኤሊሴዮ ደወልኩለት፤ «መዝገቡ ከእንግዲህ እንዳይጻፍ አድርግልኝ።»
«ብልሽት ቢመጣ በምን ታገኚዋለሽ?»
«በዳበሳ» አልኩት።
አንዲት መስመር ጻፍኩ። መዝገቡ ዝም አለ።

ግንቦት ላይ ገደሉ ተናደ፤ ባሕሩ ጓሮዬን ቆርሶ በላ፤
ቤቱ ወደ ኮረብታው ካልወጣ ይሰምጣል አሉኝ፤ መላ የለም ሌላ።
እዚህ አገር ቤት ይጎተታል፤ በግንድ ላይ ይጫናል፣ በሬ ይጠመዳል፤
ደሴቱ በደቦ ይወጣል፤ ባለቤቷ ታበላለች፣ ገመዱን ሌላ ይስባል።

«ማሽኑን አጥፊው» አሉኝ። አሻፈረኝ።
ከጀልባ የተፈታ ባትሪ ሰካሁለት፣
ከመደርደሪያው ጋር በመረብ ገመድ አሰርኩት፣
ቤት ውስጥ ማንም አይቀር ሲሉ ጆንያው ሥር ተደብቄ ቀረሁ።
ቤቴ ተነቃነቀ። ድንቹ ተንከባለለ። ማሽኑ ሳለ።
አንቴናው ጣራዬ ላይ ራሱን ነቀነቀ፣
አረንጓዴዋ መብራት ግን አልጠፋችም፤
ሦስት መቶ ሜትር፣ አራት ሰዓት፣ አንዴም አልጠፋችም።

በመስኮቱ አየሁ፦ በቀኙ ገመድ ዩቬናል፣ በግራው አቢሊዮ፤
በመሀላቸው ስምንት በሬና ጭቃ።
ተነጋግረው እንደሆነ ጩኸቱ ውጦታል።

ያን ሌሊት፣ አዲሱ ቦታ ላይ፣ ማራገቢያው በድንገት ፈጠነ፤
አንድ ነገር መጣ፣ አንድ ነገር ሄደ።
የማን እንደሆነ የጻፍኩት የለኝም።
ቤቴ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል፤
በዚያው ባዘነበለበት ተኛሁ።